የደምመላሽ ዋጋ

«ዛሬ አንገዛም» አልኩ፣ የግቢውን በር በጣት ያህል ብቻ ገርበብ አድርጌ።

ከደጅ የቆሙት ሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። የፕላስቲክ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«ምኑን ነው የማትገዙት?»

«ብሩን። ጠገራም ቢሆን፣ መስቀልም ቢሆን። አባባ መግዛት አቁሟል። መንገድ ሲከፈት ይምጡ፣ እማማ።»

«ልሸጥ መጣሁ ብዬሻለሁ?»

«አይ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለዚያ ስለሆነ…»

«የምሸጠውማ ቢኖረኝ መጀመሪያ ጫማ እገዛበት ነበር» አሉና እግራቸውን አዩ። «እኔ የመጣሁት የተሸጠውን ላስመልስ ነው። ደምመላሽ የሚባል፣ የጎረቤቴ የወይዘሮ በሰለች ልጅ፣ አንዲት ጠገራ ሸጦላችኋል። እሷን አምጪልኝና ልሂድ።»

«የጎረቤትዎ ልጅ ከሆነ እናቱ ብትመጣ አይሻልም?»

«እናቱማ አምና ሞታለች። የወለድኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ከፈትኩ፤ ከበሩ ጎን ካለው ባለቧንቧ ጄሪካን እጃቸውን አስታጠብኳቸው፤ ከግድግዳው ጥግ በርጩማ አኖርኩላቸውና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ሁላችንም ከሰው ራቅ ብለን መቆም ለምደን ነበር።

ወሩ የ2012 ሚያዝያ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን በመጋቢት ሲዘጋ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ተመልሻለሁ። አባቴ አቶ ፍሥሐ የድሮ ብር ነጋዴ ነው። በአንኮበር መውጫ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ሊያዩ የሚሄዱ እንግዶች እግረ መንገዳቸውን ይገዙት ነበር። ኮሮና ሲመጣ እንግዳው ቀረ። አባባ ደግሞ አስም አለበትና ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጣ አስጠነቀቀው። ሱቋን ዘግተን ዕቃውን ወደ ሳሎን አመጣነው።

ያልጠበቅነው የሻጩን መብዛት ነው። ገበያ ተበትኖ፣ የቀን ሥራ ቆሞ፣ ሰው ሣጥኑን መክፈት ጀመረ። ከሰላ ድንጋይም፣ ከአንኮበር በታች ካሉት መንደሮችም፣ ሰው ማለፍ ቢያቅተው ብሩ በእህል መኪና ሾፌር እጅ ይመጣ ነበር፤ በጨርቅ ቁራጭ ተቋጥሮ፣ አንዳንዱ እንደ ልብስ ሣጥን እየሸተተ። የሙሽርነት ስጦታ አለበት፣ የሟች አለበት። አባባ በጭንብሉ ውስጥ እየተነፈሰ ይመዝናል፤ እኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጌ ፎቶ አነሳና አዲስ አበባ ላሉ ሰብሳቢዎች በቴሌግራም እልካለሁ። ሳሎናችን በማናውቃቸው ሰዎች ዕቃ ተሞላ። ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት፣ ሌሊቱን ያለ እኛ ሲነጋገሩ ያደሩ ይመስለኝ ጀመር።

ጠገራ ሁሉ አንድ ነው። በፊቱ አንዲት ሻሽ የጣለች ወፍራም የባዕድ አገር ንግሥት፣ በጀርባው ንስርና 1780 የሚል ዓመት። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ፊትና በዚያው ዓመት ሲመታ ኖረ። አባባ ይህን የነገረኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። በዚያ ሚያዝያ ግን ፊቷን ሳይ ነበር የምውለው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያያሉ። ጨርቁ ላይ ስደረድራቸው ወደ በሩ እንዳያዩ አዙሬ አስቀምጣቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ለአባባ አልነገርኩትም።

ከሰብሳቢዎቹ አዘውትረው የሚደውሉት አቶ አለምነህ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ቤታቸውን ዘግተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ፎቶ አያምኑም። «ድምፅዋን አሰሚኝ» ይሉኛል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ብሯን ከጎኑ እጥላለሁ። ንጹሕ ብር ረጅም ድምፅ አለው፤ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጡና «ላኪያት» ወይም «ተያት» ይላሉ። መልካቸውን አይቼ አላውቅም። የማውቀው ብሩ ድምፁ ሲያልቅ የሚከተለውን ትንፋሻቸውን ነው።

ደምመላሽ የመጣው ከፋሲካ በፊት ነበር። የጅቡቲ ከባድ መኪና ረዳት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭንብሉን አገጩ ላይ ያደረገ።

«ከየት አመጣሃት?» አለው አባባ። የተሰረቀ እንዳይገዛ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

«የራሴ ናት። ዋጋዬ ናት።»

«የምን ዋጋ?»

«የእኔ ነዋ! አራስ ልጅ ሳለሁ ተሽጬባታለሁ። ያኔም ርካሽ ነበርኩ» ብሎ ሳቀ። «ለይመኙሻል ዱቄት ላስገባላት ብዬ ነው። መንገድ ልወጣ ነው፤ መቼ እንደምመለስ ማን ያውቃል።»

ቀልድ መሰለን። ብሯ አንድ ጊዜ ተበስታ ቀዳዳዋ በብር የተደፈነ ጠገራ ናት፤ ከሴትየዋ ጆሮ አጠገብ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። የተደፈነ ብር ብዙ ሰው አይፈልገውም። ስጥላት አልጮኸችም፤ አጭር፣ የታፈነ ድምፅ ብቻ ሰጠች። አቶ አለምነህ ግን «እስቲ ድገሚያት» አሉ። ደገምኩ።

«ይቺ ትተነፍሳለች እንጂ አትጮህም» አሉ። «ላኪልኝ።»

አትክልት በሚጭን መኪና ሾፌር እጅ ላክሁላቸው። ደምመላሽም በገንዘቡ አንድ ጆንያ ዱቄት ገዝቶ ወደ አንኮበር ላከ፤ እሱ ወደ ጅቡቲ ሄደ።

በርጩማው ላይ የተቀመጡት ሴት ይመኙሻል ነበሩ። ብሯ አዲስ አበባ እንደሄደች ስነግራቸው አልጮኹም። ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው እንደገና ወደ ላይ ሳቡት።

«ከእሱ በፊት የወለድኳቸው ሁሉ አንገታቸው ሳይጠና ሞቱብኝ» አሉ። «ሾተላይ ነው አሉኝ። ያልሞከርኩት የለም። እሱን ስወልድ አሮጊቶቹ ሽጪው አሉኝ። በሰለች በጓሮ በር መጣችና ‹የሚሸጥ ልጅ አለ?› አለች። ‹አለ› አልኩ። ጠገራዋን እጄ ላይ ጣለች፣ ልጁን ተቀበለችኝ። ‹የማን ነው?› አሏት። ‹የኔ ነው› አለች። እስከ ሦስት ጊዜ አስባሏት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔው ጋ አደገ፤ ጡቴንም ጠብቶ። ግን ልጄ ብዬው አላውቅም፤ እሱም ይመኙሻል ነው የሚለኝ። ደጅ ቆሞ የሚጠራው ሲመጣ ‹የኔ ነው› ብላ የምትመልሰው በሰለች ናት። ያ ልጆቼን የወሰደ ነገር የሚያውቀው የእኔን ቤት ነዋ! የሷን አያውቅም። መጀመሪያ ብሯን አንገቱ ላይ አስሬለት ነበር፤ በሰለች ተቆጣችኝ። ዋጋ እሻጩ ቤት ነው የሚቀመጠው፣ የተበሳ ዋጋም ዋጋ አይሆንም ብላ ቀዳዳዋን አስደፈነችው። አሁን በሰለች የለችም። የቀረችኝ ዋጋው ናት። እጄ ላይ እስካለች ሽያጩ ሽያጭ ነው። ከእጄ ከወጣች ግን…»

አልጨረሱትም።

«ደምመላሽ አሁን የት ነው?»

«እዚሁ፣ እናንተ ከተማ። ከጅቡቲ ሲመለስ ያዙትና ለይቶ ማቆያ ያደረጉት ኮሌጅ ውስጥ ከተቱት። ትኩሳት አለበት አሉ። እኔም ያን ስሰማ ሣጥኔን ከፈትኩ፤ ብሯ የለችም።»

ሾተላይ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት መሆኑን በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ይህን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ያ ትምህርት የሞቱት ለምን እንደሞቱ ይናገራል እንጂ ኮሌጁ ውስጥ ስለተኛው የሚለው የለውም።

እዚያው ቆሜ ወደ አቶ አለምነህ ደወልኩና ነገሩን በአጭሩ አስረዳኋቸው።

«ማኅደር፣ የተሰረቀ ገዝቼ ከሆነ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አሉ።

«አልተሰረቀም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ተይኝ። እዚህ ቤት ካለው ሁሉ በእጄ የምይዘው እሷን ሆኗል። ራዲዮው የሟቾችን ነገር ሲጀምር እሷን እይዛለሁ። ደግሞስ በማን ልላካት? መንገዱ ይከፈት፣ ያኔ እናያለን።»

እማማ ይመኙሻል መልሱን ከድምፄ አወቁት። «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ተነሱ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ዘመድ ቤት እንዳረፉ ነገሩኝ።

አባባ ሳሎን ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ የሥራ መነጽሩን አድርጎ የድሮ መሣሪያዎቹን ሲያወጣ አየሁት፤ በወጣትነቱ ብር ሠሪ ነበር። ስልኬን ጠየቀኝ፤ የዚያችን ጠገራ ፎቶ ከፍቶ አጠገቡ አቆመው። ከመሳቢያው አንዲት የተበሳች መርጦ ቀዳዳዋን በብር ደፈነ፣ መታ፣ ሞረደ፣ በከሰል ዱቄት አጠቆረ። እያሳለ ነው የሚሠራው። ምን እየሠራ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላስረዳኝም።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ይመኙሻል ሲመጡ በሩን የከፈተው እሱ ነው።

«እመት ይመኙሻል፣ እሰይ! ተገኘች እኮ። ሳትላክ ቀርታ ኖሯል፤ ይቺ ልጅ ሳታይ ነው።»

ብሯን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። በአውራ ጣታቸው ፊቷን ዳበሱ፣ ጆሮዋ አጠገብ ያለውን ድፍን አገኙት፣ እዚያው ላይ ጣታቸውን አቆሙ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ከመጡ ወዲህ ያን ያህል ዕድሜያቸው ቀንሶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይኔ ደክሟል። ይቺ ናት?»

አባባ ከጭንብሉ በላይ አየኝ። የደረቱ ፉጨት ይሰማኛል። እኔ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ። ራሴን ብነቀንቅ ደግሞ አያዩኝም።

«አይደለችም» አልኩ።

እማማ ይመኙሻል ብሯን ለአባባ መለሱለት።

«ልብዎ እንዲያርፍ ብዬ ነው» አለ አባባ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ይገባኛል ወንድሜ፤ አዝነህልኝ ነው። እኔን ብቻ የምታታልል ቢሆን ኖሮ አመስግኜህ እሄድ ነበር። ጉዳዩ ከእኔ ጋር አይደለም እንጂ።»

ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብለው «ነይ ኮሌጁን አሳዪኝ» አሉኝ።

መንገዱ ጭር ብሏል። ነፋሱ የተዘጉትን ሱቆች ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ በየበሩ ሰው የሚጠራ ይመስላል። እማማ ይመኙሻል በየኳኳታው ይቆማሉ፤ የሚመልስ ሰው አለመኖሩን አዳምጠው ይቀጥላሉ። የኮሌጁ አጥር ላይ ስንደርስ ጠባቂው ከሩቅ አስቆመን። ነጭ የለበሰች ጤና ባለሙያ መጥታ ከአጥሩ ወዲያ ሆና አነጋገረችን። የደምመላሽ ትኩሳት ትናንት ብሷል፤ ዛሬም ካልወረደ ወደ ሆስፒታል ይወስዱታል።

«በመስኮት ላሳያችሁ» ብላ ሄደች።

ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። ደምመላሽ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ያኔ ሳሎናችን ውስጥ የሳቀው ሰው መሆኑን ያወቅሁት በቁመቱ ብቻ ነው።

«ይመኙሻል!» ብሎ ጠራ። ድምፁ ተሰንጥቋል።

እሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ይመልሱለት እንጂ፣ እማማ።»

«አልችልም። የምሰማው እኔ ብቻ ብሆን እመልስ ነበር። ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«ብቻውን ነው ወይስ ከኋላው ሰው አለ?»

አየሁ። ከኋላው ክፍሉ ጨለማ ነው። «ብቻውን ነው» አልኩ፤ በእርግጥ ግን አላየሁም።

«በይ ለዚያ ሰውዬ ደውይልኝ።»

ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩና ስልኩን በተዘረጋ እጄ ያዝኩላቸው።

«ጌታዬ፣ ይመኙሻል እባላለሁ።»

«እናቴ፣ ስለ ብሯ ከሆነ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ…»

«ብሯን አልጠይቅዎትም። ቢልኳትም አትደርስልኝም። እዚያው ትሁን። ብቻ እሷ መሆኗን ልስማ፤ ጣል ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ያ አጭር፣ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እሷ ናት» አሉ እማማ ይመኙሻል። «ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ወልደው የሞተብዎትስ?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ያ ነገር ቤትዎን በልጅ አያውቀውም ማለት ነው። ይስሙኝ። እርስዎ የሰጡት ገንዘብ ዱቄት ሆኖ ቤቴ ገብቷል። ጋግሬ በልቼዋለሁ። ዋጋውን ተቀብያለሁ እኮ! በሰለች ሞታለች፤ ልጁን የገዙት እርስዎ ነዎት። ደጅዎ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ የኔ ነው ይበሉ።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ይማሩ። ሊጠይቅ የሚመጣው አልተማረም።»

በስልኩ ውስጥ የሳቁ መሰለኝ፤ ወይም ትንፋሽ ነው። መስኮቱ ላይ ደምመላሽ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፏል።

«ስሙ ማነው?»

«ደምመላሽ።»

«እሺ» አሉ አቶ አለምነህ። «የኔ ነው።»

«ይድገሙት።»

«የኔ ነው።»

«ይጨርሱት።»

«ደምመላሽ የኔ ነው» አሉ፤ በመጨረሻው ድምፃቸው የተለወጠ መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ የቆዩ ሰው ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። አቶ አለምነህ ናቸው። ስለ ብር የደወሉ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

ለጤና ባለሙያዋ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ትኩሳቱ ቀንሷል። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይደውሉ ነበር። ምን ይወዳል፣ ምን ያህል ተምሯል፣ መኪና ብቻውን ይነዳል ወይስ ገና ረዳት ነው። እኔ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን እማማ ይመኙሻልን እጠይቃለሁ። ዓሣ እንደማይበላ ስነግራቸው «እኔም አልበላም» አሉ፤ ደስ አላቸው። የብር ድምፅ አሰሚኝ ማለት ተዉ።

አንድ ጠዋት ግን ጥያቄያቸውን አስቀድመው አልጠየቁም።

«ትናንት ደጄ ተንኳኳ» አሉ።

«ማን?»

«አላየሁትም፤ በሩን አልከፈትኩም። ‹ልጁ እዚህ ነው?› አለ።»

«ቤት ለቤት እየዞሩ ሙቀት የሚለኩት ይሆናሉ፣ ጋሼ።»

«እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። እነሱ ግን ስንት ሰው አለ ነው የሚሉት።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ‹እዚህ ነው፤ የኔ ነው› አልኩት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሄደ አልልሽም። የእግሩን ኮቴ አልሰማሁም» አሉ።

በሩን እንዳይከፍቱ ለመንኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። በማግስቱ አልደወሉም። እኔ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው።

በዚያ ሳምንት ደምመላሽን ከኮሌጁ አስወጡት። ከስቷል፤ ግን በእግሩ ቤታችን ድረስ መጣ። እማማ ይመኙሻል በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሲገባ አዩት፤ አልተነሱም።

«መጣህ?»

«መጣሁ ይመኙሻል። ሸጥሽኝ አሉ ደግሞ!»

«ምን ላድርግ፣ ዋጋህን በላሁት።»

«ጨመር አድርገሽ ብትሸጪኝ ምናለ?»

«ማን ይጨምርብሃል በዚህ ክሳትህ!»

ሳቁ፤ አባባም ሳቀና ሳል ያዘው። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የአቶ አለምነህ ቁጥር ነው። ግን የሴት ድምፅ ነበር።

«ሊያ እባላለሁ። አቶ አለምነህ አጎቴ ነው። በተደጋጋሚ ደውለሻል፤ ማን ልበል?»

ነገርኳት።

«አጎቴ አርፏል» አለች። «ጎረቤት ነው ያገኘው። ወንበር አውጥቶ በግቢው በር ላይ እንደተቀመጠ። በሩ ክፍት ነበር። ናሙና ወስደው መርምረዋል፤ ኮሮና አይደለም አሉ። ጥቂት ሆነን ቀበርነው።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ሦስቱም ያዩኛል። የሰማሁትን ነገርኳቸው። እማማ ይመኙሻል ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ፊት ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ፤ ድምፅ አላወጡም። ደምመላሽ ቆቡን አወለቀ። የሚቀልድበት ነገር ይፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ።

«በሩን ለምን ከፈተው?» አለ።



ቆየት ብሎ «የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ» አለኝ። «ቄሶቹ ያለ እሱ አይጸልዩለትም።»

ሊያ የክርስትና ስማቸውን አታውቅም ነበር። አንዲት አሮጊት ዘመድ ጠይቃ መልሳ ደወለችልኝ። ዘሥላሴ ነው። የሰበሰቡትን ብር የሚገዛ ሰው እንዳለም ጠየቀችኝ፤ እኔ ያቺን አንዷን ብቻ እንድትልክልኝ ለመንኳት።

ብሯ በትንሽ ፖስታ ደረሰችን። እማማ ይመኙሻል ሊይዟት አልፈለጉም። «አሁን የማንም ዋጋ አይደለችም፤ ተራ ብር ናት» አሉ። «ሽጡና ለአርባው ዱቄት ይገዛበት።» አባባ ራሱ ገዛት። ወደ መሳቢያው አስገብቶ ከሌሎቹ ጋር ደባለቃት፤ እሱ የደፈናትም እዚያው ናት። በፎቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጥዬ አልሰማኋቸውም።

በአርባው ከአባባ ተፈቅዶልኝ ወደ አንኮበር ሄድኩ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውጭ ተራርቀን ቆምን። ደምመላሽ ጸጉሩን ተላጭቷል። ቄሱ ስሙን ጠየቁ፤ «ዘሥላሴ» አለ።

«ምንህ ነው?»

«አባቴ ነው።»

እማማ ይመኙሻል ከኋላው ቆመው መሬቱን ያዩ ነበር። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡና ፍትሐቱን ጀመሩ።